ኦንላይን ቪዲዮን ያለ መቆራረጥና ያለ ዳታ ብክነት ለመመልከት፦ የብሮውዘር ኤክስቴንሽን አመራረጥና አጫጫን

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር በምጠግንበት ቤት በየሳምንቱ የሚደጋገምብኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቪዲዮ ስከፍት ይቆራረጥብኛል፣ ዳታውም ቶሎ ያልቅብኛል፤ የሚያስተካክል ኤክስቴንሽን ካለ ጫንልኝ።» ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ትምህርታቸውን በቪዲዮ የሚከታተሉ የማራኪና የቴዎድሮስ ግቢ ተማሪዎች ናቸው፤ ከአዘዞ ድረስ ላፕቶፕ ይዘው የሚመጡም አሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ከሀ ጀምሬ ከማስረዳ፣ ራስዎ ቤትዎ ቁጭ ብለው እንዲሠሩት አሠራሩን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ኤክስቴንሽን በብሮውዘር ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ክሮምዎ በአማርኛ የተቀናበረ ከሆነ «ቅጥያ» የሚለው ይህንኑ ነው። የኔትወርክዎን ፍጥነት አይጨምርም። ማድረግ የሚችለው ቪዲዮው በምን ጥራት እንደሚመጣ፣ በየትኛው የአጨማመቅ ዘዴ እንደሚመጣ፣ በምን ፍጥነት እንደሚጫወትና በዙሪያው ምን እንደሚታይ መወሰን ነው። ስለዚህ ችግርዎ ምን እንደሆነ ሳይለዩ የሚጭኑት ኤክስቴንሽን ችግሩን ሊያባብሰው ይችላል፤ ይህንንም በ6ኛው ደረጃ ላይ በግልጽ ያዩታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ኮምፒውተር፤ ከክሮም ወይም ከፋየርፎክስ አንዱ የተጫነበት።
- ብሮውዘሩን ለማደስ የሚበቃ ዳታ። ኤክስቴንሽኖቹ ራሳቸው ትንንሽ ናቸው፤ ብሮውዘሩን ማደስ ግን ከ100 ሜጋባይት በላይ ሊወስድ ስለሚችል በዋይፋይ ወይም በሌሊት ጥቅል ቢያደርጉት ይሻላል።
- ለሙከራ የሚሆን አንድ የሚያውቁት ቪዲዮ፤ ከ10 ደቂቃ የማያንስ ቢሆን ይመረጣል። ሙከራውን ሁሉ በዚሁ በአንድ ቪዲዮ ያድርጉ፤ ቪዲዮ ከቀያየሩ ለውጡ ከኤክስቴንሽኑ ይሁን ከቪዲዮው አይታወቅም።
- እስክሪብቶና ወረቀት። ይህንን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ነገር ግን «አሁን የተሻለ መሰለኝ» ከሚል ግምት የሚያድንዎ የጻፉት ቁጥር ነው።
- ወደ 45 ደቂቃ የሚሆን ጊዜ። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት እንዳይሆን፣ ቻርጀሩም የተሰካ ይሁን።

ኮምፒውተርዎ አሁንም በዊንዶውስ 7 የሚሠራ ከሆነ ክሮም በእርሱ ላይ ከ109ኛው እትም፣ ፋየርፎክስ ደግሞ ከ115ኛው እትም በላይ እንደማይወጣ ይወቁ። ከዚህ በታች ከተጠቀሱት ኤክስቴንሽኖች አንዳንዶቹ ክሮም 109 ላይ እምቢ ሊሉ ስለሚችሉ ፋየርፎክስን ይጠቀሙ።

1. ችግሩ የኔትወርክ ይሁን የኮምፒውተር ይለዩ

የሙከራ ቪዲዮዎን ዩቲዩብ ላይ ይክፈቱና 2 ደቂቃ ያህል ይጫወት። ከዚያ ቪዲዮው ላይ ቀኝ ክሊክ ሲያደርጉ ከሚወጣው ዝርዝር ግርጌ «ስታትስ ፎር ነርድስ» የሚለውን ይምረጡ። በግራ በኩል በትንንሽ ጽሑፍ የተሞላ ጥቁር ሳጥን ይወጣል። ከጽሑፉ ብዛት የተነሣ አይደናገጡ፤ የሚያስፈልጉዎት ሦስት መስመሮች ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው «ፍሬምስ» የሚለው ነው። ቪዲዮ በተከታታይ የሚታዩ ምስሎች ስብስብ ሲሆን፣ በሰከንድ 30 ምስል የሚያሳይ ቪዲዮ በ2 ደቂቃ ውስጥ 3,600 ምስሎችን ያሳልፋል። «ድሮፕድ» ከሚለው ቃል ጎን ያለው ቁጥር ኮምፒውተሩ ሳይደርስባቸው የዘለላቸውን ምስሎች ይነግርዎታል። ሁለተኛው «ኮዴክስ» የሚለው ሲሆን ቪዲዮው የተጨመቀበትን ዘዴ ያሳያል፤ አጀማመሩ ኤቪሲ1፣ ቪፒ09 ወይም ኤቪ01 ይሆናል። ሦስተኛው «በፈር ሄልዝ» ነው፤ አስቀድሞ ወርዶ የተቀመጠው ቪዲዮ ስንት ሰከንድ እንደሆነ ይገልጻል።

አሁን ፍርዱ ቀላል ነው። መሐል ላይ ክብ ነገር እየተሽከረከረ ቪዲዮው የሚቆም ከሆነና «በፈር ሄልዝ» ወደ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ የኔትወርክ ነው። «በፈር ሄልዝ» በቂ ሆኖ ሳለ የ«ድሮፕድ» ቁጥር እየጨመረ የሚሄድ፣ የላፕቶፑም ማራገቢያ የሚጮኽ ከሆነ ችግሩ የኮምፒውተሩ ነው። ሦስቱንም ቁጥሮች ወረቀትዎ ላይ «በፊት» ብለው ይጻፉ።

ይህ ደረጃ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ ልንገርዎ። በቅርቡ አንዲት የነርሲንግ ተማሪ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ኔቱ ነው እኮ፤ ጥቅል ቀይሬ ሁሉ ሞከርኩት» አለችኝ። ሳጥኑን ስንከፍተው ከ30 ሰከንድ በላይ የሚሆን ቪዲዮ ወርዶ ተቀምጧል፤ የተዘለሉት ምስሎች ቁጥር ግን ዓይናችን እያየ ይጨምራል። ኔትወርኩ ንጹሕ ነበር። በከንቱ የወጣው የጥቅል ገንዘብ ነው።

2. ብሮውዘሩን ያድሱ፤ የግራፊክስ እገዛውንም ያብሩ

ክሮም ላይ በስተቀኝ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ክሊክ አድርገው ወደ «ሄልፕ»፣ ከዚያም «አባውት ጉግል ክሮም» ወደሚለው ይግቡ፤ አዲስ እትም ካለ ራሱ መውረድ ይጀምራል። ሲጨርስ ዘግተው ይክፈቱት።

ቀጥሎ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም» የሚለውን ከፍተው ስለ ግራፊክስ አክሰለሬሽን የሚናገረው ማብሪያ መብራቱን ያረጋግጡ። ይህ ማብሪያ ሲጠፋ የተጨመቀውን ቪዲዮ የመፍታት ሸክም በሙሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፤ ሲበራ ግን ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራው የግራፊክስ ክፍል ያግዘዋል። አንዳንድ ጊዜ ሌላ ሰው ስክሪን ሲያብለጨልጭበት አጥፍቶት ይሆናል። እሱን መልሶ ማብራት ብቻውን ችግሩን የፈታበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ከሆነልዎ ወደ 5ኛው ደረጃ ይለፉ።

3. የቆዩትን ኤክስቴንሽኖች ያጽዱ

በአድራሻ መጻፊያው ጎን ያለችውን የእንቆቅልሽ ቁራጭ የመሰለች ምልክት ክሊክ አድርገው «ማኔጅ ኤክስቴንሽንስ» ይበሉ። የማያውቁት፣ ለምን እንደጫኑት የማያስታውሱት ወይም አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለትና ሦስት ካሉ «ሪሙቭ» ያድርጓቸው። እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን ራም ይይዛል፤ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል።

ግራጫ ሆነው «ከእንግዲህ አይደገፍም» የሚል መልእክት የያዙ ካዩ አይገረሙ። ክሮም ማኒፌስት 2 በሚባለው በአሮጌው ደንብ የተሠሩትን ኤክስቴንሽኖች እ.ኤ.አ. በ2025 ከሥራ ውጭ አድርጓቸዋል። ከብዙ ሰው ክሮም ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለው ማስታወቂያ ማገጃ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። እነዚህን በኃይል ለማስነሣት አይድከሙ፤ አውጥተው ይጣሉ።

4. ኤክስቴንሽን ከትክክለኛው መደብር ብቻ፣ አንድ በአንድ ይጫኑ

ለክሮም «ክሮም ዌብ ስቶር»፣ ለፋየርፎክስ ደግሞ «ፋየርፎክስ አድኦንስ» የሚባሉት መደብሮች አሉ። ከእነዚህ ውጭ በቴሌግራም በዚፕ ፋይል የሚላክልዎን፣ ወይም አንድ ድረ ገጽ «ቪዲዮውን ለማየት መጀመሪያ ይህንን ይጫኑ» የሚልዎን አይቀበሉ።

መደብሩ ውስጥ ስሙን ሲፈልጉ ስማቸውም ሥዕላቸውም የሚመሳሰል ብዙ ኤክስቴንሽኖች ይወጣሉ። ከመጫንዎ በፊት የሠሪውን ስም፣ የተጠቃሚዎቹን ብዛትና ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰበትን ቀን ይመልከቱ። ከዚያ የሚጠይቀውን ፈቃድ ያንብቡ። «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለዎትን መረጃ ማንበብና መለወጥ» የሚለው ፈቃድ ቃሉ እንደሚለው ነው፤ ኢሜይልዎንም የባንክ ገጽዎንም ይጨምራል። የዩቲዩብን ጥራት ብቻ የሚያስተካክል ነገር ይህን ያህል ፈቃድ ከጠየቀ ሌላ ይፈልጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዛሬ ደህና የሆነ ኤክስቴንሽን ነገ ባለቤቱ ሊቀየር ይችላል። ግሬት ሰስፔንደር የሚባለው ብዙ ተጠቃሚ የነበረው ኤክስቴንሽን ለሌላ ወገን ከተላለፈ በኋላ ጎጂ ኮድ ተገኝቶበት ጉግል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ከመደብሩ አስወጥቶታል። ስለዚህ ከቆየ በኋላ ድንገት አዲስ ፈቃድ የሚጠይቅዎ ከሆነ ፈቃዱን ከመስጠትዎ በፊት ያጥፉት።

አንዱን ሲጭኑ ሙከራ ቪዲዮዎን ያጫውቱ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። አምስት በአንድ ጊዜ ጭነው አንዱ ቢያስቸግር ጥፋተኛውን ለማግኘት አምስቱንም መፈተሽ ይኖርብዎታል።

5. ጥራቱን ወስነው ያስሩት፤ ይህ ዳታ ለሚያልቅበት ሰው ነው

ዩቲዩብ ጥራትን በ«አውቶ» ሲተዉለት ኔትወርኩ ጥሩ በሆነበት ደቂቃ ጥራቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ዳታዎ የሚሄደው በዚያን ጊዜ ነው። ኢንሃንሰር ፎር ዩቲዩብ የሚባለው ኤክስቴንሽን ቪዲዮ በተከፈተ ቁጥር እርስዎ በመረጡት ጥራት እንዲጀምር ያደርጋል። ከጫኑት በኋላ የኤክስቴንሽኑን ማስተካከያ ገጽ ከፍተው ነባሪ ጥራት የሚመረጥበትን ቦታ ይፈልጉና ምርጫዎን ያስቀምጡ። እግረ መንገድዎን፣ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እንዳይቀጥል የሚያደርገውንም ያብሩት፤ እያጫወቱ እንቅልፍ ለሚወስዳቸው ሰዎች ከጥራቱም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ምን ያህል ጥራት ይበቃል? የብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ስክሪን 1366 በ768 ነው። 1080 የሚባለው ቪዲዮ ደግሞ 1920 በ1080 ስለሆነ፣ ስክሪኑ ማሳየት የማይችለውን ምስል ከፍለው እያወረዱ ነው ማለት ነው። የ1080 አንድ ምስል ከ480 አንድ ምስል ጋር ሲነጻጸር የነጥቦቹ ብዛት 5 እጥፍ ያህል ነው። ሰው ቆሞ ለሚናገርበት ቪዲዮ 480 ይበቃል። ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቀመር ወይም በትንንሽ ፊደል የተሞላ ስላይድ ከሆነ 720 ያድርጉት፤ በ480 የአናቶሚ ሥዕል ላይ ያሉትን ስያሜዎች ለማንበብ መሞከር ዓይን ማድከም ነው።

ትርፉን በግምት አይተዉት። በዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ «ኔትወርክ» ከሚለው ሥር «ዳታ ዩሴጅ» የሚል ገጽ አለ፤ ብሮውዘርዎ የተጠቀመውን መጠን ያሳያል። ቁጥሩን ይጻፉ፣ ቪዲዮውን በትክክል 10 ደቂቃ ያጫውቱ፣ እንደገና ይመልከቱ፣ ልዩነቱን በ6 ያባዙ። የአንድ ሰዓት ወጪዎ ይህ ነው። ለማመሳከሪያ ያህል፣ በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይወስዳል።

ኢንተርኔት ከስልክዎ በሆትስፖት የሚያገኙ ከሆነ በዚያው ገጽ አካባቢ ግንኙነቱን «ሚተርድ» ብለው ይመዝግቡት። እንዲህ ካልሆነ ቪዲዮውን በ480 እያዩ በጀርባ ዊንዶውስ ራሱን ሊያድስ ይችላል፤ ሰዎችም ጥፋቱን በቪዲዮው ላይ ያደርጋሉ።

6. ኮምፒውተሩ የሚደክም ከሆነ ብቻ የአጨማመቅ ዘዴውን ይቀይሩ

ይህ ደረጃ በ1ኛው ደረጃ ላይ «ድሮፕድ» ቁጥሩ ለሚጨምርበት ሰው ብቻ ነው። ሌሎቻችሁ ዝለሉት፤ ምክንያቱ ቀጥሎ ተጽፏል።

ዩቲዩብ አንዱን ቪዲዮ በተለያዩ ዘዴዎች ጨምቆ ያስቀምጣል። ኤቪሲ1 የሚለው ኤች264 የሚባለው የቆየ ዘዴ ነው፤ አሮጌ የግራፊክስ ክፍሎችም ያውቁታል። ቪፒ09 እና ኤቪ01 አዳዲሶቹ ናቸው፤ ለተመሳሳይ ጥራት አነስ ያለ ዳታ ይወስዳሉ፣ ለመፍታት ግን ይከብዳሉ። የግራፊክስ ክፍሉ አዲሱን ዘዴ የማያውቅ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ሲታገል ላፕቶፑ ይግላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ባትሪው ይወርዳል፣ ምስሎችም ይዘለላሉ። ኢንሃንስድ ኤች264ኢፋይ የሚባለው ኤክስቴንሽን አዳዲሶቹን ዘዴዎች አግዶ ዩቲዩብ ኤች264 እንዲልክ ያስገድደዋል። ፋየርፎክስ መደብር ውስጥ ያገኙታል፤ በክሮምዎ ላይ እንደማይደገፍ የሚነግርዎ ከሆነ ቪዲዮ ለማየት ፋየርፎክስን ይጠቀሙ።

ዋጋው ግን ግልጽ ነው፦ ኮምፒውተሩ ሲያርፍ የዳታ ወጪው ከፍ ይላል። ችግሩ የኔትወርክ የሆነበት ሰው ይህንን ቢጭን መቆራረጡ ይብስበታል።

የትኛውን ማገድ እንዳለብዎ ለማወቅ የፕሮሰሰርዎን ስም ይመልከቱ። ኢንቴል ከሆነ ከ«አይ3»፣ «አይ5» ወይም «አይ7» ቀጥሎ ካለው ቁጥር ትውልዱ ይታወቃል፤ ለምሳሌ አይ5-4300 የ4ኛ ትውልድ ነው፤ አይ5-1135 ብሎ የሚጀምር ደግሞ 11ኛ ትውልድ ነው።

- 6ኛ ትውልድና ከዚያ በታች፦ ቪፒ9 እና ኤቪ1 የሚሉትን ሁለቱንም ምልክት አድርገው ያግዱ።
- ከ7ኛ እስከ 10ኛ ትውልድ፦ ቪፒ9ን በግራፊክስ ክፍላቸው መፍታት ይችላሉ፤ ስለዚህ ኤቪ1ን ብቻ ያግዱ። እንዲህ ሲያደርጉ በቪፒ9 የሚገኘውን የዳታ ቁጠባ አያጡም።
- 11ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፦ ሁሉንም ያውቃሉ። ይህ ኤክስቴንሽን አያስፈልግዎትም፤ ምስል የሚዘለል ከሆነ ምክንያቱን በ2ኛውና በ3ኛው ደረጃ ይፈልጉ።

በዚያው ዝርዝር ውስጥ በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን የሚያግድ ምልክት አለ። እሱን ማብራት ኮምፒውተሩ የሚፈታቸውን ምስሎች ወደ 30 ስለሚያወርድ ለደከመ ላፕቶፕ ትልቅ እረፍት ነው። ኳስ ሲያዩ ልዩነቱ ይታወቅዎታል፤ ለትምህርት ግን ምንም አያጎድልም።

ሲጨርሱ ገጹን እንደገና ከፍተው «ስታትስ ፎር ነርድስ» ውስጥ የኮዴኩ መስመር በኤቪሲ1 (ኤቪ1ን ብቻ ካገዱ በቪፒ09 ወይም በኤቪሲ1) መጀመሩን፣ «ድሮፕድ» ቁጥሩም መርጋቱን ያረጋግጡ። ከላይ የጠቀስኳት ተማሪ ላፕቶፕ የ4ኛ ትውልድ ነበር፤ ቪፒ9ን ካገድን በኋላ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ስናየው ቁጥሩ ሳይነቃነቅ ቆየ፣ ማራገቢያውም ቀስ በቀስ ዝም አለ። ሁለቱንም ካገዱ ከ1080 በላይ ያሉት የጥራት ምርጫዎች ከዝርዝሩ ይጠፋሉ፤ ዩቲዩብ በኤች264 ከ1080 በላይ ስለማያቀርብ ነው እንጂ የተበላሸ ነገር የለም።

7. ፍጥነቱን በኪቦርድ ይቆጣጠሩ

ቪዲዮ ስፒድ ኮንትሮለር የሚባለው ኤክስቴንሽን በዩቲዩብ ብቻ ሳይሆን በብዙ የቪዲዮ ገጾች ላይ ይሠራል። የእንግሊዝኛዋን ዲ ሲጫኑ ፍጥነቱ በ0.1 ይጨምራል፣ ኤስ በ0.1 ይቀንሳል፣ አር ወደ መደበኛው ይመልሳል፣ ዜድ 10 ሰከንድ ወደ ኋላ፣ ኤክስ 10 ሰከንድ ወደ ፊት ይወስዳል። የአንድ ሰዓት ትምህርት በ1.25 ፍጥነት 48 ደቂቃ ይሆናል። የመምህሩ እንግሊዝኛ ለሚፈጥንበት ሰው ደግሞ 0.8 ላይ ማድረግ ሁለት ጊዜ መልሶ ከማየት ይሻላል።

ዩቲዩብን ብቻ የሚጠቀሙ ከሆነ ያለ ምንም ኤክስቴንሽንም ይቻላል፦ ጄ 10 ሰከንድ ወደ ኋላ፣ ኤል 10 ሰከንድ ወደ ፊት፣ ኬ ማቆሚያና ማስቀጠያ፣ ኤፍ ሙሉ ስክሪን ነው። ባይጭኑ እመርጣለሁ።

8. ድምፅ፣ የግርጌ ጽሑፍና ትኩረት

ድምፁ ዝቅ ብሎ ለተቀረጸ ቪዲዮ ቮልዩም ማስተር እስከ 600 በመቶ ከፍ ያደርጋል። ከ200 ባያልፉ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ የላፕቶፑን ትንንሽ ስፒከሮችም ሊጎዳ ይችላል። የጆሮ ማዳመጫ ካደረጉ መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርገው ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ሌላ ቪዲዮ ሲከፍቱ ከፍታው እዚያው ሊጠብቅዎ ይችላል። ይህ ኤክስቴንሽን ሲሠራ ክሮም ሙሉ ስክሪን እምቢ ይላል፤ ኤፍ11ን ቢጫኑ ይስተካከላል።

ላንግዌጅ ሪአክተር ሁለት የግርጌ ጽሑፍ አንዱን ከሌላው በታች ያሳያል፤ እንግሊዝኛውን ከአማርኛ ትርጉሙ ጋር ማየት ይችላሉ። ትርጉሙ የማሽን ስለሆነ የሕክምናና የሕግ ቃላትን በእርሱ አይመኑ።

አንሁክ የዩቲዩብን የፊት ገጽ ጥቆማዎች፣ አጫጭር ቪዲዮዎችና አስተያየቶች ይደብቃል። ስለ ኩላሊት ሊማሩ ገብተው ሁለት ሰዓት ሌላ ነገር ሲያዩ ለሚገኙ ሰዎች ነው የምጭነው። ስፖንሰርብሎክ ደግሞ በቪዲዮ መሐል የሚገቡ ማስተዋወቂያዎችን ይዘልላል፤ የሚሠራው ግን ሌሎች ተመልካቾች ምልክት ባደረጉበት ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው።

ማስታወሻ እየያዙ ቪዲዮውን በትንሽ መስኮት ጥግ ላይ ማድረግ ከፈለጉ ምንም አይጫኑ። ክሮም ውስጥ ዩቲዩብ ቪዲዮ ላይ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ቀኝ ክሊክ ሲያደርጉ «ፒክቸር ኢን ፒክቸር» የሚል ይወጣል።

9. ፈቃዱን ያጥብቡና እንደገና ይለኩ

ክሮም ላይ «ማኔጅ ኤክስቴንሽንስ» ውስጥ የእያንዳንዱን «ዲቴልስ» ሲከፍቱ «ሳይት አክሰስ» የሚል ያገኛሉ። «ሁሉም ድረ ገጾች» የተባለውን ወደ «የተወሰኑ ድረ ገጾች» ይለውጡና ቪዲዮ የሚያዩበትን ገጽ ብቻ ይጻፉ። እንዲህ ሲያደርጉ ኤክስቴንሽኑ የባንክዎን ገጽ አያይም፤ ሌሎች ገጾችንም አያዘገይም። ከዚያ የ1ኛውን ደረጃ ልኬት ደግመው «በኋላ» ብለው ይጻፉ። ቁጥሩን ያላሻሻለ፣ እርስዎም በየቀኑ የማይጠቀሙበት ኤክስቴንሽን ካለ ይውጣ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

አቋራጭ ቁልፎቹ አልሠራ ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ኪቦርዱ ወደ አማርኛ እንደተቀየረ ቀርቶ ነው። ኤስን ሲጫኑ ኮምፒውተሩ የሚያገኘው «ስ» ከሆነ ኤክስቴንሽኑ አያውቀውም። የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አንድ ላይ ተጭነው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ፣ ከዚያ ቪዲዮው ላይ አንድ ጊዜ ክሊክ ያድርጉ።

ኤስን ሲጫኑ ፍጥነቱም ይቀንሳል፣ ዓረፍተ ነገሩም ይደገማል። ቪዲዮ ስፒድ ኮንትሮለርና ላንግዌጅ ሪአክተር ኤስንና ዲን ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ላንግዌጅ ሪአክተር በኤስ የወቅቱን ዓረፍተ ነገር ይደግማል፣ በዲ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከአንዱ ማስተካከያ ውስጥ ፊደሎቹን ይቀይሩ ወይም ተራ በተራ ያብሯቸው።

ቪዲዮው ጭራሽ አልከፈት ይላል። በ6ኛው ደረጃ ላይ ሁሉንም ዘዴዎች ምልክት አድርገው አግደው ከሆነ ዩቲዩብ የሚልከው ነገር አይኖረውም። ኤች264 የሚለው ሳጥን ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። ማስታወቂያ ማገጃ የጫኑ ከሆነም ዩቲዩብ ማገጃውን ሲያውቅ ቪዲዮውን ሊያቆምብዎ ይችላል።

ቪዲዮውን አቁሞ ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ መጠበቅ። ዩቲዩብ ከቆመበት ወደ ፊት የተወሰነ ያህል ብቻ ስለሚያወርድ ግማሽ ሰዓት ቢጠብቁም ቀሪው አይመጣም። ጥራቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ ቪዲዮው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ክሮም ባትሪው ወደ 20 በመቶ ሲወርድ ኃይል ቆጣቢውን ያበራና የቪዲዮውን የምስል ፍጥነት ይቀንሳል። ኤክስቴንሽኖቹን አይንኩ፤ በሴቲንግስ ውስጥ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ሥር ማጥፋት ይችላሉ፤ ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል።

ጥፋተኛው ኤክስቴንሽን የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ክሮም ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤንን አንድ ላይ ተጭነው ስውር መስኮት ይክፈቱና ያንኑ ቪዲዮ ያጫውቱ። እርስዎ ካልፈቀዱላቸው በቀር ኤክስቴንሽኖች በስውር መስኮት አይሠሩም። እዚያ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የኤክስቴንሽን ነውና አንድ በአንድ እያጠፉ ይፈልጉት፤ እዚያም ካስቸገረ ወደ 1ኛው ደረጃ ይመለሱ።

በስልክ አልተጫነልኝም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የአንድሮይድ ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። የአንድሮይድ ፋየርፎክስ ይቀበላል፤ ሆኖም የዩቲዩብን ሊንክ ሲነኩ ወደ አፑ ስለሚወስድዎ አድራሻውን ፋየርፎክስ ውስጥ ራስዎ መጻፍ ይኖርብዎታል።

በተውሶ ወይም በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ በራስዎ አካውንት ክሮም ውስጥ ገብተው ማመሳሰልን ካበሩ ኤክስቴንሽኖችዎና የተቀመጡ የይለፍ ቃላትዎ ተከትለውዎት ይመጣሉ። እዚያ ላይ በእንግድነት መስኮት ይጠቀሙ፤ ገብተው ከሆነም ከመነሣትዎ በፊት ከአካውንቱ ይውጡና መገለጫዎን ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ያጥፉት።